ያማረ ደብዳቤ

«ይሄ ተማሪ የጻፈው አይደለም።»

«ማን ጻፈው ታዲያ?»

«ደጀ ሰላም ያደገ ሰው ነዋ! እስቲ አንብበው። የኛ ተማሪ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል?»

ከዚህ በኋላ የተባባሉትን ዮፍታሔ አሟልቶ አያስታውሰውም። ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ያን ዕለት ደግሞ ዝናብ የቢሮውን ቆርቆሮ ይደበድበው ስለነበር ከቺፕውዱ ግድግዳ ወዲያ የሚወራው እየተቆራረጠ ነበር የሚደርሰው። ከሁለቱ ድምፆች አንዱ የያዕቆብ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ነበር። ሌላው የጋሽ ስብሐት፣ ኮሌጁ ለጋዜጣው የመደባቸው አማካሪ መምህር። የትኛው ጠይቆ የትኛው እንደ መለሰ ያኔም አልለየው፣ ዛሬም አይለየው። ጋሽ ስብሐት ካረፉ ሦስት ዓመት ስለሆናቸው የሚጠየቁ አይደሉም። አጥብቆ የሚያስታውሰው፣ መጨረሻ ላይ አንደኛው «የዚያ የተባረረው መምህር ሥራ ነው፤ በኛ ጋዜጣ ቂሙን ሊወጣ» ማለቱን፣ ከዚያም መሳቢያ ተከፍቶ መዘጋቱን ነው። ዮፍታሔ ከግድግዳው ወዲህ ጣቶቹን ቀለም እንደ ነካቸው ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ተራምዶ «እኔ ነኝ» ቢል ይበቃ ነበር። አልተነሣም።

የጋዜጣው አሠራር እንዲህ ነበር። ተማሪዎች ደብዳቤያቸውን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በተሰቀለች የእንጨት ሣጥን ይከታሉ። ደብዳቤው ከአስተዳደሩ ጋር የሚያጣላ ከሆነ የጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ አንድ ሰው በራሱ እጅ ይገለብጠዋል፤ ዋናው በጣሳ ውስጥ ይቃጠላል፤ ለምርጫ የሚቀርበው ግልባጩ ብቻ ነው። ገልባጩ ዮፍታሔ ነበር። የማታ ተማሪ ነው፣ በዕድሜ ሁሉንም ይበልጣል፣ በልጅነቱ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ዳዊት ደግሞ ቁም ጽሕፈት ተምሯል። እጁ ያምራል ይሉት ነበር። እጁ ብቻ ቢሆን ምንም ባልከፋ። ሲገለብጥ ግን ያርም ነበር፣ ሲያርም ያሳምር ነበር፤ መጀመሪያ ፊደሉን፣ ከዚያ ቃሉን፣ እያደር ነገሩን ሁሉ። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም አላወቀበትማ።

ያቺ ደብዳቤ በሣጥን አልመጣችም። ሊሚ የምትባል፣ ከሱሉልታ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ አማርኛ ገና የምትለምድ የፋርማሲ ተማሪ በእጁ አስይዛው ነው የሄደችው። ሰባት አጫጭር መስመር ነበረች፤ ዮፍታሔ ዛሬም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዟታል። «የሴቶች ማደሪያ በር ማታ ከውጭ ይቆለፋል። ቁልፍ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ቤቷ ይሄዳል። እኛ ውስጥ ነን። ሰው ቢታመም ማን ይከፍታል? እሳት ቢነሣ የት እንሄዳለን? ሦስት ጊዜ ነገርን፣ አልሰሙም። እባካችሁ ጻፉት።» ዮፍታሔ አዘነላት። ከማዘኑም የተነሣ አንድ ገጽ ተኩል አደረጋት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተስፋቸው አብሮ እንደሚያዘቀዝቅ ጻፈ። ደጃቸው እንደ ኖኅ መርከብ ከውጭ እንደሚዘጋ፣ የመርከቡን በር የዘጋው ግን እግዚአብሔር እንደ ነበር፣ የእነሱን የዘጋው ማን እንደ ሆነ እየጠየቀ ጻፈ። ተቆጣጣሪዋና ቁልፏ በዚያ ሁሉ ጌጥ ውስጥ ጠፉ። ዋናውን አቃጠለው።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንዲት አስም ያለባት ልጅ በዚያ ማደሪያ ትንፋሽ አጠራት። ሊሚ ዘበኛ ለመጥራት ከአንደኛ ፎቅ በመስኮት ዘለለች። ልጅቷ ተረፈች፣ የሊሚ ዳሌ ተሰበረ። ኮሌጁ አሰናበታት፤ ምክንያቱ ደንብ ጥሳ በመስኮት መውጣቷ፣ ችግሩንም «አስቀድማ ለሚመለከተው ሳታሳውቅ» መቅረቷ ነበር። እሷ ለጋዜጣው ጽፌ ነበር ስላለች ለጋዜጣውም ጥያቄ መጣ። ያዕቆብ «ከተማሪዋ የደረሰን ደብዳቤ የለም» ብሎ ጻፈ፤ እሱ የሚያውቀው ያን ነበር። ዮፍታሔም ከሥሩ ፈረመ። ዮፍታሔ የሚያውቀው ግን ሌላ ነበር። በዚያው ክረምት ጋዜጣውንም ትምህርቱንም ትቶ ወጣ።

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት የእኅቱ ልጅ ሊድያ ስልኳን ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አኖረችለት። ቀጨኔ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው የሚኖሩት፤ እኅቱ አፀደና ልጇ በውስጠኛው፣ እሱ በፊተኛው ከመጋረጃ ጀርባ። አፀደ ዳቦ እየቆረሰች ነበር፤ በአሥር ብር የሚገዛው ዳቦ እንዴት የሕፃን ጡጫ እንዳከለ እያማረረች። ሊድያ በዚያው ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ዘንድሮ እሷም በተማሪዎቹ ጋዜጣ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ይሄን እጅ ታውቀዋለህ?»

ዮፍታሔ ተመለከተው። ፊደሎቹ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የቆሙ ዲያቆናት ይመስሉ ነበር። የራሱ እጅ ነበር።

«የት አገኘሽው?»

«ቢሮ ነው። ‹ያልታተሙ› የሚል ፋይል ውስጥ። ሊሚ የምትባል ሴትዮ ልመለስ ብላ ለቅሬታ ሰሚው አመልክታ ነበር፤ አስቀድሜ ጽፌያለሁ ማስረጃ የለኝም ስትል ፈልጌ፣ ስለ ማደሪያ በር የሚያነሣ ይሄን ብቻ አገኘሁና ሰጠኋት። ምን ላድርግ፣ አሳዘነችኛ!» ሊድያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ያዕቆብ ግን እሷ እንዲህ ያለ አማርኛ አትጽፍም፣ እጁም የአጎትሽ ነው፣ ሰሞኑን አስጽፈሽ የከተትሽው ነው አሉኝ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ቅሬታ ሰሚው ፊት እቀርባለሁ። ውሸት ሆኖ ከተገኘ መባረር ነው ጋሼ።»

ያ የጋዜጣ አዘጋጅ ያዕቆብ ዛሬ የኮሌጁ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ነው። ሊድያ በነፃ እንድትማር የፈረመላትም እሱ ነው።

«ገልባጭ ነበርኩ፣» አለ ዮፍታሔ።

«ከማን ነው የገለበጥከው?»

«ስም አይጻፍበትም ነበር።»

ሁለቱም መልስ ሐሰት አልነበረም፤ ይሄው ነው ያስፈራው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሐሰት ባልሆነ ነገር ተሸፍኖ እንደኖረ አሁን ገና አየው።  ሊድያ ስልኳን አንሥታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ሻይዋን አልጠጣችውም። አፀደ ቢላዋውን ዳቦው ላይ እንደ ተከለች፣ የልጇ ኮቴ ከኮረኮንቹ ላይ እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ሥራህ ሂድ፣» አለችው። «እዚያ ደጅ እንዳትደርስ።»

«እታለም፣ ልጅቷ እኮ…»

«ልጄ ልጅ ናት። ተሳስቼ ነው ብላ እግራቸው ላይ ትወድቃለች፣ ይምሯታል። አንተ ግን ፈርመሃል። አልፈረምክም?»

ዮፍታሔ ቀና ብሎ አያት። ለማንም ትንፍሽ አላለም ነበር።

«ታይፎይድ በያዘህ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ስትቃዥ ጨርቅ እየነከረ ግንባርህን ያበሰው ማን መሰለህ?» አለችው፤ ዳቦውንም መቁረስ ጀመረች። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። የኖኅንም፣ የቁልፉንም። በሐሰት የፈረመ ይታሰራል። እኔ ወንድም የለኝም ካንተ ሌላ።»  ሰባት ዓመት በዚህች ክፍል አብረው ሲበሉ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ መብራት መጥፋት ሲያወሩ፣ እሷ ታውቅ ኖሯል።

ወደ ታክሲው ሲወርድ መድኃኔ ዓለም ደጅ ደረሰ። ሁልጊዜ በሩን ተሳልሞ፣ ሦስት ጊዜ አማትቦ ነው የሚያልፈው። ዛሬ መንገዱን ተሻግሮ ከወዲያኛው ጥግ ቆመ። ከውስጥ የኪዳን ዜማ ይሰማል። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ቃል ከስምንተኛ ዓመቱ ጀምሮ ሲደግመው ኖሯል፤ ግን ሲደግመው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይታየው ነበር፤ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚምል፣ የተገዛ፣ ፊቱ የከፋ ሰው። አዝኖ ያሳመረ፣ ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ታይቶት አያውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ቆየና ሳይሳለም ሄደ።

የሚሠራው ሽሮ ሜዳ፣ ጋሽ ቦጋለ ሱቅ ነው። በሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ የጥልፉን ንድፍ በእርሳስ ይነድፋል፤ ባለ ስፌት መኪናዎቹ እሱ ባሰመረው ላይ ይጠልፋሉ። እጁ አሁን እንጀራው ነው፤ ጌጥ ማንንም በማይጎዳበት ቦታ። ዛሬ ግን አንድ የሙሽራ ቀሚስ ፊቱ ዘርግቶ እርሳሱ አልታዘዘው አለ። ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት በጋቢ ዋጋ ትከራከራለች። ሦስት ሺህ ሲሏት «ክሩ ወርቅ ነው እንዴ?» ትላለች። ጋሽ ቦጋለ በሳቅ ሸኝተዋት መጥተው ከትከሻው በላይ አጎነበሱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መስቀል ነው ወይስ የተጣመመ ማንኪያ? ሙሽራዋ እኮ በዚህ ተጋብታ አትበረክትም!»

«ይቅርታ ጋሽ ቦጋለ። እደግመዋለሁ።»

«ዓይንህ ቀልቷል፤ ሥራውን ተወውና እረፍ። ወይ ደግሞ አግባ፣ እኔ ምን አውቃለሁ!»

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ያዕቆብ ነበር። ስምንት ዓመት በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰህ ከመባባል ያለፈ ነገር የላቸውም፤ ድምፁ ግን የትላንት ያህል ለስላሳ ነበር፤ ያው የድሮው የአዘጋጅ ድምፅ፣ አንድ ጽሑፍ እንደማይወጣ ሲነግርህ እንኳ የሚያቅፍህ።

«ዮፍታሔ፣ የኔ ወንድም፣ ጠፋህ እኮ! ስማኝ፣ እ… ማለቴ፣ ነገሩን ሰምተሃል አይደል? ለሊድያ ሰሞኑን የተጻፈ ነው ብያት ነበር፤ ቆይቼ ግን የድሮው እንደሆነ ገምቻለሁ። ግን እኛ ያኔም የመረመርነው ነው። የሷ አይደለም። እኔ የጣልኩት አጣርቼ ነው፤ በሱ ምክንያት እኮ ነው ያማረና ስም የሌለው ደብዳቤ አይወጣም የሚል ደንብ ያወጣነው። እስከ ዛሬ ይሠራበታል።»

 ባለ መኪናዎቹ ይጠልፋሉ፤ ድምፃቸው ጭንቅላቱ ውስጥ ይመላለሳል። ደንብ ሆኗል። ስንት ተማሪ ደህና አድርጎ ስለጻፈ ብቻ ስምንት ዓመት ሙሉ እየተጣለ ይሆን?

«ሊድያ ተሳስቼ ነው ካለች በማስጠንቀቂያ አሳልፋታለሁ፣ ቃሌ ነው፣» አለ ያዕቆብ። «አንተ ግን ባትመጣ ይሻላል። ከመጣህ ያ ፊርማ ይነሣል። ላንተ ብዬ ነው።»

ለሱ ብሎ እንደሆነ ዮፍታሔ አላጣውም። ያዕቆብ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለ ነበር! በቀረበለት ወረቀት ፈረደ፤ ወረቀቱን ያበላሸው ሌላ ነው። «እሺ፣» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ምኑን እሺ እንዳለ ግን አላወቀም። ቀሚሱን አጥፎ ለምሳ እወጣለሁ አለ።

ምሳ አልበላም። በአዲሱ ገበያ በኩል ታክሲ ይዞ ጳውሎስ ወረደ። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ፋርማሲዎቹ ተደርድረዋል፤ ሕመምተኛ የያዘ፣ ማዘዣ የያዘ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ተማሪ ሁሉ ይተረማመሳል። ሊሚ በአንዱ ፋርማሲ እንደምትሠራ ከዓመት በፊት በአጋጣሚ አይቶ ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አያልፍም። አሁን በመስታወቱ አያት፤ የመደርደሪያውን መስታወት በጨርቅ ትወለውላለች፤ ግራ እግሯ እየቀደማት፣ ቀኙ እየተጎተተ። መድኃኒቱን የሚሰጠው ከሷ የሚያንስ ልጅ ነው። ዮፍታሔ ገባና ሃያ ብር አውጥቶ የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀ። እሷ ጨርቁን እንደያዘች ዞረች።

«ገልባጩ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ሸበትክ።» አማርኛዋ ዛሬ የከተማ ሆኗል። አየችው፤ አልተቆጣችም፣ ፈገግም አላለችም። «ወረቀቱን ያቺ ልጅ ስትሰጠኝ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የኔ ቃል አንድም የለበትም። ‹አንቺ አልጻፍሽውም› ሲሉኝ እውነታቸውን ነው፤ አልጻፍኩትም። ምን ብዬ ልከራከር?»

«ያሳመርኩት እኔ ነኝ።»

«አሳምርልኝ ማን አለህ?»

 ለእግዚአብሔር እንኳ በንስሐ ያልመለሰው ጥያቄ ነበር። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ሊል አፉን ከፈተና ተወው፤ እግሯ ፊት ለፊቱ ቆሟላ። ልጁ መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው።

«ተመልሼ ዲፕሎማዬን ካገኘሁ እዚያ እቆማለሁ፣» አለች፣ በአገጯ ወደ ባንኮኒው ጀርባ እያመለከተች። «ካላገኘሁ እወለውላለሁ። ቅሬታ ሰሚው ስምንት ሰዓት ነው። ትመጣለህ?»

መድኃኒቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። ፀሐዩ አናቱን መታው። ሽሮ ሜዳ የሚል ታክሲ እየጫነ ነበር፤ ገብቶ መስኮት ጥግ ተቀመጠ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አፀደን አሰበ፤ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ደጅ ስትሰለፍ። ጋሽ ቦጋለን አሰበ፤ «የታሰረ ሰው አልቀጥርም» ሲሉ። ስለ ሊድያ ግን ሲያስብ የመጣለት እግር ላይ መውደቋ ነበር። ያላጠፋችውን አጥፍቻለሁ ስትል፣ ያን ያስተማራት እሱ ሲሆን። ታክሲው ሞላ፣ በሩ ተዘጋ።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«ሳንነሣ?» አለ ረዳቱ። «አባቴ፣ ለመቀመጥ ነው እንዴ የከፈሉት? እንዲያ ከሆነስ ካፌ ነበር የሚሻሎት!»

ሰዉ ሳቀ። ዮፍታሔ በሰው ጉልበት መካከል እየተሹለከለከ ወረደ። እስከ ኮሌጁ በእግሩ ሄደ፤ እየፈራ ሄደ። ድፍረት ይመጣል ብሎ ቢጠብቅ አልመጣም፤ እግሩ ግን ይሄድ ነበር።

የቅሬታ ሰሚው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊሚ ደረጃውን በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በየሁለቱ ደረጃ እየቆመች ስትወጣ ከኋላዋ ደረሰባት። ልደግፍሽ አላላትም፤ አፈረ። ከኋላዋ ቀስ ብሎ ወጣ። ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ። በራስጌው ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ለዚህ ሥራ ከውጭ የተጠሩት መምህርት፣ ወይዘሮ ደሳለች። በቀኛቸው ያዕቆብ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ። ሊድያ ከግድግዳው ሥር ወንበር ላይ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ከታ ተቀምጣለች። አጎቷን ስታየው ዓይኗ እንባ ሞላ። ያዕቆብ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ዮፍታሔ ቆሞ ተናገረ። ብዙ አልተናገረም፤ ደብዳቤው የሊሚ እንደ ነበር፣ በእጁ እንደ ሰጠችው፣ ሰባት መስመሯን እሱ ገጽ ተኩል አድርጎ ለውጦ እንደ ጻፈው፣ ዋናውን እንዳቃጠለው።  ወይዘሮ ደሳለች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡት።

«አቶ ዮፍታሔ፣» አሉ፣ «የእኅትዎ ልጅ ስለሆነች አዝነው እንደሆነስ? ይህን እንዴት አምናለሁ? ሰባት መስመር ሰው ሰጥቶት ገጽ ተኩል የሚጽፍ ሰው አለ?»

«አለ፣» አለች ሊሚ። «እሱ።»

 ወይዘሮ ደሳለች ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ ዮፍታሔ ገፉለት። «ይቀመጡ። እሷ ትናገራለች፣ እርስዎ ያኔ ያደርጉት እንደ ነበረው አድርገው ይጽፋሉ። የድሮውን አይደለም፤ እሱን ሊያጠኑት ይችላሉ። አዲስ ነገር ንገሪው፣ ልጄ።»

 ዳግመኛ ላያደርገው ለራሱ የማለበት ነገር ነበር፤ አሁን በሰው ፊት፣ በእኅቱ ልጅ ፊት፣ በዚህች ሴት ፊት ሊያደርገው ነው። ሊሚ መስኮቱን እያየች ተናገረች። «ጠዋት እግሬ ያመኛል። ደረጃ አልችልም። ፋርማሲ እወለውላለሁ እንጂ መድኃኒት አልሰጥም። የተማርኩት ግን መድኃኒት ነው።» በቃ፣ ይሄው ነው አለች።

 የመጀመሪያውን ቃል ጻፈ፣ ሰረዘው። ከዚያ፣ እሱ ሳይጠራው፣ መጣ። «ጎሕ በቀደደ ቁጥር ሕመሜ ቀድሞኝ ይነቃል» ብሎ ጻፈ። እንደ ያዕቆብ መሰላል መላእክት የሚወርዱበት ደረጃ ለእርሷ የማይወጣ ተራራ እንደ ሆነ ጻፈ። ስለ ቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ጻፈ፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ ውስጡ የሚያኖረው ሰው ስላጣው በሽተኛ። እስክሪብቶው ሮጠ። ከሁሉ የከፋው፣ ከፍርሃቱ ሥር፣ ደስ ይለው ነበር። ያን ባወቀ ጊዜ እስክሪብቶውን ጣለው። አንድ ገጽ ሞልቶ ነበር። ፋርማሲው የለበትም። መወልወሉም የለበትም።

ወይዘሮ ደሳለች ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ወደ ያዕቆብ ገፉለት። ያዕቆብ አነበበ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«እኔ ውሸት መስሎኝ ነው የጣልኩት፣» አለ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ዮፍታሔን አየ። «አንተ ከግድግዳው ጀርባ ነበርክ። ስንነጋገር ትሰማ ነበር።»

«እሰማ ነበር።»

«ብትገባ እኮ… አንድ ቃል ብትል አወጣው ነበር። እምላለሁ አወጣው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

 ከታች ከግቢው የተማሪዎች ሳቅ ይሰማል። ወይዘሮ ደሳለች ወረቀቶቹን መልሰው ሰበሰቡ። ሊድያን «አንቺ ነጻ ነሽ» አሏት። ወደ ዮፍታሔም ዞረው፣ ለሊሚ ጉዳይ ይሄ በቃል ብቻ እንደማይበቃ፣ የድሮው ፊርማው ሐሰት እንደ ነበር በራሱ እጅ ጽፎ መፈረም እንዳለበት፣ ከፈረመ ግን ኮሌጁ ሊከሰው እንደሚችል፣ እሳቸውም ይህን ሊከለክሉለት እንደማይችሉ ነገሩት። አልቸኮሉም። እስከ ሐሙስ አስበው መምጣት ይችላሉ አሉት።

«አስብበት፣» አለ ያዕቆብ ቀስ ብሎ።

ዮፍታሔ ሐሙስን አሰበ። ሐሙስ ድረስ ከአፀደ ጋር ሁለት ራት አለ። ሐሙስ እንደማይመጣ ራሱን ያውቀዋል። አዲስ ወረቀት ስቦ ቀኑን ጻፈ። «ለተከበረው የቅሬታ ሰሚ ጉባኤ፤ ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ እንደሌለ ሁሉ፣ እኔም በደካማ ሥጋዬ…»

«ተው፣» አለች ሊሚ።

እጁ ቆመ። እያነከሰች መጥታ አጠገቡ ካለው ወንበር ተቀመጠች፤ እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ አስተካከለች። ወረቀቱን ከፊቱ ወስዳ ገለበጠችው፤ ነጩን ወደ ላይ አደረገች።

«እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። የተናገርኩትን ብቻ። አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቀንስም። ከዚያ ትፈርማለህ። እሺ በለኝ።»

ዮፍታሔ ሊድያን አየ፤ አንገቷን ደፍታለች። ያዕቆብን አየ፤ ወደ መስኮቱ ዞሯል። 

«እሺ፣» አላት።

ጎንበስ ብሎ፣ እሷ ቃል በቃል እየነገረችው፣ ቀስ ብሎ ጻፈ። «እኔ ዮፍታሔ ነኝ። ሊሚ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ስለ በሩና ስለ ቁልፉ ነበር። እኔ ቀየርኩት። ሲጠይቁኝ አልደረሰንም ብዬ ፈረምኩ። ደርሶን ነበር። ፈርቼ ነው።»

«በቃ፣» አለች ሊሚ። «ፈርም።»